ከከባድ ሕመም ጋር መኖር እንዴት ይለካል?

በካንሰር፣ በኩላሊት ድክመት፣ በልብ ሕመም ወይም በኤችአይቪ በሚታከሙ ሰዎች ላይ የሚሠሩ የአገር ውስጥ ጥናቶች በርክተዋል። የብዙዎቹ መደምደሚያ አንድ ዓይነት ነው፤ «ከታማሚዎቹ ይህን ያህል በመቶው ድባቴ አለበት» ይላል። ቁጥሩ ትልቅ ስለሚሆን ያስደነግጣል፣ ለዜናም ይመቻል። ነገ ጠዋት ተረኛ የምትሆነው ነርስ ግን ከእሱ የምትይዘው ነገር የለም። ቤቱ የተናጋበት የትኛው ታማሚ ነው? መድኃኒቱን ሊያቋርጥ የተቃረበውስ? ከሰው ሸሽቶ የተቀመጠውስ? መቶኛው ይህን አይነግራትም።

ችግሩ የሚጀምረው ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደ አንድ ሲቆጠሩ ነው። ድባቴና ጭንቀት የስሜት ጉዳዮች ናቸው። ከሕመም ጋር መላመድ ግን ኑሮን ሁሉ ይነካል፤ ሥራውን፣ ትዳሩን፣ ልጆቹን፣ ዘመዱን፣ ጎረቤቱን፣ በሐኪሙ ላይ ያለውን እምነት። ማታ ማታ የሚያለቅስ ሰው ቀጠሮውን ሳያዛንፍ፣ ሱቁን ከፍቶ፣ ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ ሊውል ይችላል። በድባቴ መጠይቅ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘው ደግሞ በሬውን ሸጦ፣ ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ፣ የጎረቤት ደጅ ከረገጠ ወራት አልፎት ይገኛል። የመጀመሪያው ቢያዝንም እየተላመደ ነው። የሁለተኛው ኑሮ ፈርሷል፤ የስሜት መጠይቁ ግን አላየውም።

ይህን ልዩነት ይዘው ከተነሱት መለኪያዎች በጣም የሚታወቀው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሊዮናርድ ዴሮጋቲስ ያዘጋጀው፣ በምህጻሩ «ፔይስ» የሚባለው ነው። 46 ጥያቄዎች አሉት፤ የሚጠይቀው ስላለፉት 30 ቀናት ነው። እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል፣ ነጥቡ ሲጨምር ችግሩ ባሰ ማለት ነው፣ ድምሩም እስከ 138 ይደርሳል። በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ የሠለጠነ ጠያቂ በቃለ መጠይቅ የሚያካሂደው፣ ሌላው ታማሚው ራሱ የሚሞላው። ጥያቄዎቹ በሰባት ዘርፍ ተከፍለዋል፦ ለሕክምናው ያለው አመለካከት (8)፣ ሥራ (6)፣ የቤት ውስጥ ኑሮ (8)፣ የወሲብ ግንኙነት (6)፣ ከቤት ውጭ ካሉ ዘመዶች ጋር ያለው ግንኙነት (5)፣ ማኅበራዊ ሕይወት (6) እና የሥነ ልቦና ጭንቀት (7)። ከ46ቱ ስሜትን በቀጥታ የሚመለከቱት 7 ብቻ መሆናቸውን ልብ ይሏል።

በዚህ መለኪያ ውስጥ ትንሹ ጥቅም ያለው ነገር ድምሩ ነው። ሁለት ታማሚዎች እኩል 45 ነጥብ አገኙ እንበል። የአንዷ ነጥብ የተከመረው ትዳርና ወሲብ ላይ ነው፣ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ወዲህ ከባሏ ጋር አንድ አልጋ ላይ አልተኛችም። የሌላው ሥራና ገንዘብ ላይ ነው፣ በሳምንት ሁለቴ ለኩላሊት እጥበት ስለሚመላለስ ከሥራ ወጥቷል። ለአንዷ የጥንዶች ምክር ያስፈልጋታል፣ ለሌላው ማኅበራዊ ሠራተኛ። «አማካይ ነጥብ 45» ብሎ የሚጽፍ ሪፖርት ሁለቱንም አላያቸውም። ስለዚህ የሰባቱ ዘርፍ ነጥብ ጎን ለጎን ተጽፎ የታማሚው ካርድ ላይ መያያዝ አለበት፤ የትኛው ዘርፍ እንደባሰ በአንድ እይታ ይታያል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚያሻው መመሪያው ላይ ያለው የንጽጽር ሠንጠረዥ ነው። ጥሬው ነጥብ አማካዩ 50፣ የነጥቦቹ የተለመደ መራራቅ (ስታንዳርድ ዲቪዬሽን) 10 ወደሆነ ሚዛን ይቀየርና 62 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው «ክትትል ያስፈልገዋል» ይባላል። ሠንጠረዡ ግን የተሠራው በአሜሪካ ታማሚዎች ነው። የደብረ ታቦር ገበሬ ወይም የመርካቶ ነጋዴ ከእነሱ አማካይ ስንት ርምጃ እንደራቀ ማወቅ ምንም አይፈይድም። አገር ውስጥ የተሠራ ሠንጠረዥ እስኪኖር ድረስ ጥሬውን ነጥብ መያዝና ያንኑ ሰው ከራሱ ያለፈ ነጥብ ጋር ማወዳደር ይሻላል።

ጥያቄዎቹም እንዳሉ አይሠሩም። «ሥራ» እና «ቤት» ተለያይተው መምጣታቸው ደመወዝተኛ ለሆነ ሰው ይስማማል። ከብት የምታልብ፣ እንጀራ የምትጋግር፣ በአጨዳም የምትውል ሴት ግን ሥራዋ የቱ፣ ቤቷ የቱ ነው? ያው አንድ ድካም በሁለት ዘርፍ ይቆጠርባትና ከባሏ የባሰች ትመስላለች። ማኅበራዊ ሕይወትን የሚለካው ክፍል ደግሞ በትርፍ ጊዜ ፍላጎትና መዝናኛ ዙሪያ የተሠራ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ከማኅበረሰቡ መራቁ የሚታወቀው በሌላ ነው፤ ልቅሶ ይደርሳል ወይስ ገንዘቡን ብቻ ይልካል? ሰንበቴና ማኅበሩ ላይ ይገኛል? ቡና ሲጠሯት ትሄዳለች? ጁምዓ መስጊድ ይሄዳል?

እዚህ ላይ በቀላሉ የማይታይ ወጥመድ አለ። ኬሞ የሚወስድ ሰው፣ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን ከወሰደ ከ7 እስከ 14 ባለው ቀን፣ ነጭ የደም ሴሉ ይወርድና ሰው ከሚበዛበት ቦታ እንዲርቅ ይመከራል። ምክሩን የሰማ ታማሚ ልቅሶም ሰርግም ይቀራል፣ መጠይቁ ግን «ከማኅበራዊ ሕይወት ተገልሏል» ብሎ ሦስት ነጥብ ይሰጠዋል። ሕክምናውን በአግባቡ የተከተለው ሰው ችግረኛ ተብሎ ይመዘገባል ማለት ነው። መፍትሔው «ቀሩ ወይ?» ከሚለው ቀጥሎ «ለምን ቀሩ?» ብሎ ጠይቆ ከሦስት ምክንያት አንዱን ማክበብ ነው፦ አቅም አጥቶ፣ ሐኪም ከልክሎት፣ ወይም ሰው እንዳያየው ፈልጎ። ሦስተኛው ብቻ ነው የመላመድ ችግር።

ወደ መቶኛዎቹ እንመለስ። አገር ውስጥ በብዛት የሚሠራበት የድባቴ መጠይቅ፣ ፒኤችኪው-9፣ ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፣ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይመለከታል፣ ነጥቡ ከ0 እስከ 27 ነው፤ የተለመደው መቁረጫ፣ ማለትም ድባቴ አለ የሚያስብለው ዝቅተኛው ነጥብ፣ 10 ነው። በአዲስ አበባ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትሾ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ በዚህ መቁረጫ መጠይቁ በእርግጥ ድባቴ ካለባቸው 86 በመቶውን ይይዛል፤ ከሌለባቸው ውስጥ «የለባችሁም» ብሎ በትክክል የሚያሰናብተው 67 በመቶውን ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይዘን እናስላ። 100 ታማሚዎች አሉ፣ በእርግጥ ድባቴ ያለባቸው 10 ናቸው ብለን እናስብ። መጠይቁ ከ10ሩ 9 ያህሉን ያገኛል። ከቀሩት 90 ደግሞ 30 ያህሉን በስህተት ይይዛል። ድምሩ 39 ነው። ሪፖርቱ «39 በመቶው ድባቴ አለበት» ብሎ ይወጣል፤ እውነቱ ግን 10 ነበር። መጠይቁ የመጀመሪያ ማጣሪያ ሆኖ ሳለ እንደ ምርመራ ሲነበብ እንዲህ ያብጣል። ከ39ኙ ጋር ባለሙያ ቁጭ ብሎ ካልተነጋገረ በስተቀር የበሽታውን መጠን መናገር አይቻልም።

መቁረጫውም ቢሆን በየቦታው አንድ አይደለም። በገጠር ጤና ጣቢያዎች በተደረገ ፍተሻ የተሻለ የለየው 10 ሳይሆን 5 ነበር። ምናልባት የገጠሩ ሰው ስሜቱን በጥያቄ ቋንቋ ስለማይናገር ነጥቡ ዝቅ ይል ይሆናል እንጂ ጭንቀቱ አንሶ ላይሆን ይችላል። ከሌላ ጥናት መቁረጫ ገልብጦ የሚጠቀም ተመራማሪ ቢያንስ ጥናቱ የት፣ በማን ላይ እንደተሠራ ማየት አለበት።

በከባድ ሕመም ላይ ፒኤችኪው-9 ሌላም ጣጣ አለበት። ከዘጠኙ ጥያቄዎች አምስቱ የእንቅልፍ፣ የድካም፣ የምግብ ፍላጎት፣ ሐሳብን የመሰብሰብና የእንቅስቃሴ መዘግየት ናቸው። ኬሞ ከወሰደ ጥቂት ቀን የሆነው ሰው አይተኛም፣ ደክሞታል፣ ምግብ አስጠልቶታል፣ ቀስ ብሎ ይራመዳል። በአራቱ ብቻ ሦስት ሦስት ቢያገኝ 12 ይሞላል፤ አንዲት ቀን እንኳ ሳያዝን «ድባቴ» የሚል ስም ተለጠፈበት። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች፣ ማለትም ነገሮችን የመሥራት ፍላጎት ማጣትንና መከፋትን፣ ለብቻ ደምሮ ማየት ይጠቅማል። ድምሩ (ከፍተኛው 6 ነው) 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስሜቱ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ችግር አስቀድሞ አስቦ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው «ሃድስ» የአካል ምልክቶችን ትቶ ሰባት የጭንቀት፣ ሰባት የድባቴ ጥያቄዎችን ብቻ ይዟል፤ የአማርኛው ትርጉምም ኤችአይቪ ባለባቸው ኢትዮጵያውያን ላይ ተፈትሿል። ለሆስፒታል ታማሚ ይበልጥ የሚስማማው ይሄ ነው፤ አንዳንድ ጥያቄዎቹ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ስላለባቸው ጠያቂው አስቀድሞ ሊለማመዳቸው ይገባል እንጂ።

አሁን ከሁሉ በላይ ውጤቱን የሚያበላሸው ነገር ላይ ደረስን። መጠይቁ ከመከፈቱ በፊት መታወቅ ያለበት ታማሚው ስለ ሕመሙ ምን እንደሚያውቅ ነው። ሐኪሙ ለልጁ ወይም ለወንድሙ ነግሯል፣ ቤተሰቡ «ለእሱ እንዳትነግሩት» ብሏል፣ ታማሚው «ቁስለት ነው» ወይም «እባጭ ነው» ተብሎ ጨረር ክፍል ተሰልፏል። እዚህ ሰው ፊት «ካንሰርዎ ኑሮዎን ምን ያህል ለወጠው?» የሚል ቅጽ ይዞ መቀመጥ መረጃ መሰብሰብ አይደለም፣ መርዶ ማርዳት ነው። ቃሉን ዘለልነው ብንል እንኳ ነጥቡ ትርጉም የለውም። ለሕክምናው ያለውን አመለካከት የሚለካው ዘርፍ ስለተሰጠው መረጃና ከሕክምናው ስለሚጠብቀው ውጤት ይጠይቃል፤ ቁስለቱ ሊድን ነው ብሎ የሚያምን ሰው በዚህ ዘርፍ እጅግ የተላመደ ሆኖ ይወጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ነጥብ የሌለው መሆን አለበት፦ «ሐኪሞቹ ስለ ሕመምዎ ምን አሉዎት?» ጠያቂው ዝም ብሎ ያዳምጥና ከቅጹ ራስጌ ከሦስቱ አንዱን ምልክት ያደርጋል። ስሙን ያውቃል፤ ስሙን ባያውቅም ክፉ ሕመም መሆኑን ያውቃል፤ ሌላ ነገር ተነግሮታል። ከዚያ በኋላ ታማሚው ሕመሙን የጠራበትን ቃል ብቻ ይዞ መቀጠል ነው፤ «ቁስለቱ» ካለ ቁስለቱ። ውጤቱ ሲተነተንም ሦስቱ ቡድኖች ለየብቻ ይቀመጣሉ። መካከለኛው ቡድን ከሚታሰበው በላይ ትኩረት ይሻል፤ ጸጉሩ ሲረግፍ፣ አልጋ ጎረቤቱ ሲሞት አይቶ ገምቷል፣ ቤተሰቡ እንዳይከፋ ግን ያልገባው መስሎ ይኖራል። ጭንቀቱን የሚያወራለት ሰው የለውም።

ቤተሰቡ አጠገቡ ተቀምጦም ቢሆን መልሱ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ከማለት አያልፍም። አስታማሚን «ውጡ» ማለት ደግሞ ነውር ነው፤ ጥርጣሬም ያስነሳል። ጥሩው ዘዴ ለአስታማሚውም ጥያቄ ማዘጋጀት ነው። ለአፍሪካ የማስታገሻ ሕክምና የተሠራው አጭር መለኪያ አሥር ጥያቄዎች ሲኖሩት ሰባቱ ለታማሚው፣ ሦስቱ ለአስታማሚው ናቸው። አንዷ ነርስ አስታማሚዋን ወደ ኮሪደሩ ወስዳ ሦስቱን ስትጠይቅ ሌላዋ ከታማሚው ጋር ትቀራለች፤ ማንም አልተባረረም። ውጭ አገር ባሉ ሆስፒታሎች ደግሞ እናቱን በአማርኛ የሚያስተረጉም ልጅ አለ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስለ ሞት ፍርሃትም ሆነ ስለ ወሲብ ሊያስተረጉም አይችልም። በአሜሪካ ሕጉ ራሱ ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር ሕፃናትን አስተርጓሚ ማድረግን ስለሚከለክል፣ ባለሙያ አስተርጓሚ መጠየቅ የታማሚው መብት ነው።

አጠያየቁ ላይ ጥቂት ነጥቦች። ማንበብ ለማይችል ሰው ቅጹ ይነበብለታል፣ ግን አራት አማራጭ በአንድ ጊዜ ቢደረደርለት የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ነው። በሁለት ደረጃ መጠየቅ ይቀላል፤ መጀመሪያ «አለ ወይስ የለም?»፣ ካለ «ትንሽ፣ መካከለኛ ወይስ ብዙ?»። ከላይ የተጠቀሰው የአፍሪካው መለኪያ በእጅ ጣት ይጠቀማል፤ የተጨበጠ እጅ 0፣ የተዘረጉ አምስት ጣቶች 5 ናቸው። ይህ በጣም ይሠራል፣ ነገር ግን በአንዳንዶቹ ጥያቄዎች 5 የከፋ፣ በሌሎቹ ደግሞ 5 የተሻለ ስለሆነ ጠያቂው ካልተጠነቀቀ ይገለባበጥበታል። «ባለፉት 30 ቀናት» የሚለውም ለብዙ ሰው ባዶ ነው። ጥቅምት 14 ቀን ለተጠየቀ ክርስቲያን «ካለፈው ወር ሚካኤል ወዲህ» ቢሉት በትክክል ያስባል፤ ለሙስሊሙ አራት ጁምዓ ወደ ኋላ መቁጠር ይቻላል፤ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ሁለት የገበያ ቀን። በጳጉሜን ማግስት የሚጠይቅ ሰው ወሩ በአምስት ወይም በስድስት ቀን እንደረዘመ አይዘንጋ።

የወሲብ ጥያቄዎቹን ብዙ ጠያቂዎች አፍረው ይዘሏቸዋል፣ ከዚያ ባዶውን ቦታ 0 ብለው ይሞሉታል። 0 ማለት «ችግር የለም» ማለት ነው! ያልተጠየቀች ሴት ችግር የሌለባት ሆና ትቆጠራለች። ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ ይጠይቅ፤ ይህ ክፍል መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ ባል ለሞተባት፣ ለመነኮሰ ወይም ለማይፈልግ ሰው «አይመለከተውም» የሚል ሳጥን ይኑር። ያልተመለሰ ጥያቄ ባዶ ሆኖ ይቀመጣል። የካንሰር ታማሚዎችን የኑሮ ጥራት የሚለካው ኪውኤልኪው-ሲ30 ለዚህ ግልጽ ሕግ አለው፤ በአንድ ዘርፍ ካሉት ጥያቄዎች ቢያንስ ግማሹ ከተመለሰ በተመለሱት አማካይ ይሰላል፣ ካልሆነ ዘርፉ ይተዋል። በዚሁ መለኪያ በተደጋጋሚ የሚታየው ስህተት ግን ሌላ ነው፦ ሁሉም ነጥብ ከ0 እስከ 100 ስለሚቀመጥ ይደማመራል። የተግባር ዘርፎች ላይ 100 ጥሩ ነው፣ የምልክት ዘርፎች ላይ 100 እጅግ መጥፎ ነው። ሁለቱን ያቀላቀለ አማካይ ምንም አይለካም።

መላመድ በአንድ ቀን አይታይም። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት፣ በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር መጠየቅ የተለመደ አካሄድ ነው። ለውጡን ለማንበብ በኪውኤልኪው-ሲ30 ከ5 እስከ 10 ነጥብ ያህል ልዩነት ታማሚው ራሱ በጥቂቱ የሚሰማው ለውጥ ነው፣ ከ20 በላይ ከፍተኛ ነው፤ በፒኤችኪው-9 ደግሞ 5 ነጥብ። ከዚያ ያነሰው የዕለቱ ውሎ ሊሆን ይችላል።

በክትትል ጥናቶች ላይ «ታማሚዎቹ በዓመቱ ተሻሽለዋል» የሚል አማካይ ሲቀርብ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የቀሩት የት ደረሱ ነው። እኛ ዘንድ ብዙ የካንሰር ታማሚ ሆስፒታል የሚደርሰው ሕመሙ ከተስፋፋ በኋላ ነው። በጣም የታመሙት ሞተዋል፣ ገንዘብ ያለቀባቸው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ በአሥራ ሁለተኛው ወር ቅጹን የሚሞሉት የተረፉት ናቸው። አማካዩ የተሻሻለው ማንም ሳይሻለው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን አማካይ እስከ መጨረሻ ለቆዩት ብቻ እንደገና ማስላት ግድ ነው። ሌላው፣ ሰው ሲሰነብት መስፈሪያውም ይለወጣል። ኬሞ ከመጀመሩ በፊት «በጣም ደክሞኛል» ያለ ሰው እውነተኛውን ድካም ካየ በኋላ ያንን «ትንሽ» ይለዋል። በስድስተኛው ወር «ያኔ ሲመጡ ድካምዎ፣ አሁን ሲያስቡት፣ ስንት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ልዩነቱን ያወጣዋል።

46 ጥያቄ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ወረፋው በር ድረስ በወጣበት ክፍል ለሁሉም አይቻልም። የሚቻለው ሁለቱን የስሜት ጥያቄዎችና ከየዘርፉ አንድ አንድ ጥያቄ ለሁሉም ማቅረብ፣ ከዚያ ምልክት ላሳዩት ብቻ ረጅሙን ማካሄድ ነው። ከአጭሮቹ መሐል አንዷን እንጥቀስ። «ጠበል ይሄዳሉ?» የሚለው ጥያቄ አይጠቅምም፣ የሚያፍርበትም ይኖራል። «ጠበል ሲገቡ መድኃኒቱን ምን ያደርጉታል?» ሲባል ግን እውነቱ ይወጣል፤ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸውን ማስታወስም ብዙውን ሰው ያረጋጋዋል።

የፒኤችኪው-9 ዘጠነኛ ጥያቄ ስለ ሞት መመኘትና ራስን ስለመጉዳት ነው። ከ0 በላይ የመለሰ ሰው ጠቅላላ ነጥቡ ስንትም ቢሆን በዚያው ቀን ባለሙያ ሊያነጋግረው ይገባል፤ ሐሳቡ ብቻ ነው ወይስ እንዴት እንደሚያደርገው አስቧል፣ ቤቱ ውስጥ መርዝ ወይም የተከማቸ መድኃኒት አለ፣ ማታ ማን አብሮት ያድራል? ቅጹን የሚሰበስቡት መረጃ ሰብሳቢዎች ከሆኑ ደግሞ ወረቀቱ ፖስታ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ያችን አንድ መስመር የሚያይ፣ ስልኩ የሚነሳ ሰው ስሙ ተጽፎ መለጠፍ አለበት።